የካራቴ ፊልም ሞቷል ያላችሁ፣ እስቲ ወዲህ ኑ

ቁራጭ_ካሴት (አዲስ አበባ)

ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ያለ ነው፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

እኔ ቪዲዮ ቤት ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። በሯ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ በጠመኔ «8 ሰዓት ካራቴ፣ 10 ሰዓት ህንድ» ተብሎ ይጻፍበታል። የፊልሙ ስም አይጻፍም። ማንስ ስም ጠየቀ? አግዳሚው ላይ ተጠቅጥቀን እንቀመጥና አክተሩ ቡጢ ሲቀምስ አብረን «ውይ!» እንላለን። ስንወጣ የማይራገጥ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን አጥር ስዘል ሱሪዬ ሚስማር ላይ ቀረ። ቤት ስገባ እናቴ ከቦሱ የባሰች ሆና ጠበቀችኝ።

ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘብኝ። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ፊልሞች የኮምፒውተር ጌም መሰሉኝ። ሰው ይበራል፣ ተራራ ይናዳል፣ ላብ የሚያልበው ግን የለም። «የካራቴ ፊልም አለቀለት» ብዬ ፋይሉን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ማታ የ2024ቱን የሆንግ ኮንግ ፊልም «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ዋሪየርስ፦ ዎልድ ኢን»ን አየሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ሶይ ቼንግ ነው ያዘጋጀው። ዘመኑ 1980ዎቹ ነው። ሎክ ኩን የሚባል ወረቀት የሌለው ስደተኛ ለብር ይደባደባል። ያጠራቀመውን ይዞ መታወቂያ ሊገዛ ሲሄድ የወንበዴው አለቃ ፎርጅድ ይሰጠዋል። (አለቃው ሳሞ ሁንግ ነው! ሽማግሌው አሁንም ይማታል።) ልጁ ተናዶ አንድ ቦርሳ መንትፎ ይሮጣል። አውቶቡስ ውስጥ ተደባድቦ፣ ቆስሎ፣ ኮውሉን ዎልድ ሲቲ የሚባለው የታጨቀ ሰፈር ውስጥ ይገባል። አሳዳጆቹ ደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። እዚያች መስመር ላይ ሲቆሙ ነው እኔ ከሶፋዬ ብድግ ያልኩት።

የሰፈሩ አለቃ ሳይክሎን (ሉዊስ ኩ) ፀጉር አስተካካይ ነው። ሲጋራ ያጨሳል፣ ያስላል፣ ያስተካክላል። ሲደባደብ ሲጋራው ከእጁ አይወርድም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድብድቡ አይደለም። ልጁ ሩዝ በተጠበሰ አሳማ ሲበላ ነው። እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ረሃብ ነው የበላው። አሳማ መሆኑን እያወቅኩ አፌ ውሃ ሞላ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እና ጥያቄዬ፦ ሌላ ምን አያችሁ? ካራቴም ይሁን ድራማ፣ ከእስያ ይሁን እንጂ። የቅርብ ጊዜውን ብቻ። ብሩስ ሊን ሁላችንም አይተነዋል።


አሰልጣኝ_ከሐዋሳ

ቁራጭ፣ ናፍቆትህ ይገባኛል። እኔም አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ፊልሙን ግን ግማሹን አይቼ ዘጋሁት።

ሃያ ዓመት ልጆች አሠልጥኛለሁ። ሰው ግድግዳ ላይ ተወርውሮ ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ ሰውየው ተነስቶ መሮጥ የለበትም። ተዋናዩን አንጠልጥሎ የሚያዘልለው ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሰውነቱን ስለት የማይቆርጠው ያ ኪንግ የሚሉት ደግሞ! ይሄማ ተረት ነው። ልጆቼ ይህን አይተው መጥተው «አሰልጣኝ፣ እንዲህ የሚያደርገው ልምምድ የቱ ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ጃኪ ቻን በ1985ቱ «ፖሊስ ስቶሪ» ገበያ አዳራሽ ውስጥ አምፖል የተጠመጠመበት ምሰሶ ይዞ ከላይ እስከ ታች ሲንሸራተት እጁ ተቃጥሏል። እውነተኛ እጅ፣ እውነተኛ ቃጠሎ። ለእኔ የካራቴ ፊልም ያ ነው።


ኮሪያ_ሰፈር

አሰልጣኝ፣ እርስዎ ግማሹ ላይ ዘግተው ኪንግን ይገመግማሉ? ዋናው ፋይት መጨረሻ ላይ ነው እኮ። አራት ለአንድ ገብተው፣ ኪንግ እንዴት እንደሚሞት ቢያዩ


አወያይ

ኮሪያ_ሰፈር፣ እዚያው ቁም። የፊልም መጨረሻ የሚናገር ሰው ጽሑፉ ይነሳል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያህ ነው።


ኮሪያ_ሰፈር

ይቅርታ አለቃ። አክተሩ አይሞትም ብቻ ብዬ ልለፍ? እሺ፣ እሱንም አላልኩም።


የጅዳዋ

ስለ ምቱ አላውቅም። ፊልሙን ያየሁት ወንድሜ ስለላከልኝ ነው። ያ ልጅ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቶ ፎርጅድ መታወቂያ ሲቀበል ግን ስልኬን አስቀመጥኩት። ለትንሽ ጊዜ ማየት አልቻልኩም።

እዚህ አብራኝ የምትኖር ልጅ ለኢቃማ (ለመኖሪያ ፈቃድ) ብላ የሁለት ዓመት ደሞዟን ለደላላ ሰጥታለች። ወረቀቱ ሲመጣ የሌላ ሰው ስም ነበረው። ደላላው ስልኩን ዘጋ። እሷም እንደዚያ ልጅ ቦርሳ መንትፋ መሮጥ ይገባት ነበር፤ ግን ወዴት? ዎልድ ሲቲ እዚህ የለም።

ስለዚህ አሰልጣኝ፣ ሽቦው ይኑር አይኑር ለእኔ ልዩነት የለውም። ልጁ ለምን እንደሚደባደብ አውቄዋለሁ።


ሰነድ_አገላባጭ

ኮውሉን ዎልድ ሲቲ እውነተኛ ሰፈር እንደነበረ የማታውቁ ካላችሁ፦ መሬቱ ከ3 ሄክታር ያንሳል፤ አራት የኳስ ሜዳ አይሞላም። እዚያ ላይ በ1987 ወደ 33,000 ሰው ይኖር ነበር። በወረቀት የቻይና፣ በዙሪያው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ በተግባር የማንም። ፎቆቹ ያለ መሐንዲስ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ከሥር ባሉት መተላለፊያዎች ፀሐይ አይገባም፤ ቧንቧና የመብራት ገመድ ራስ ላይ ይንጠለጠላል። ፈቃድ የሌላቸው ጥርስ ሐኪሞች ሰልፍ ነበራቸው፤ ርካሽ ናቸዋ። ለከተማው ምግብ ቤቶች የሚሆን የዓሣ ድቡልቡል እዚያ ይሠራ ነበር። ከጣሪያው በላይ ደግሞ ወደ ካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ያልፋሉ፤ ሆድ ሆዳቸው እስኪታይ። ሰፈሩ በ1993 እና 94 ፈረሰ። ዛሬ መናፈሻ ነው።

ለአሰልጣኝ ደግሞ አንድ ነገር። ኪንግን የሚጫወተው ፊሊፕ ንግ የምር የዊንግ ቹን (የቻይና ኩንግ ፉ ዓይነት) ሰው ነው። ድብድቡን ያቀናበረው ጃፓናዊው ኬንጂ ታኒጋኪ ሲሆን ከሆንግ ኮንጉ የድብድብ ፊልም ተዋናይ ከዶኒ የን ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ሽቦ የተጠቀሙት ስለማይችሉ አይደለም። ፊልሙ መሠረቱ ልብ ወለድና ከእሱ የተሳለ የቀልድ ሥዕል መጽሐፍ ነው፤ መጋነኑ የመጣው ከዚያ ነው። ሉዊስ ኩ ግን የማርሻል አርት ሰው አይደለም፤ እዚያ ላይ ሽቦው ባለውለታችን ነው።


ዶሮ_ማነቂያ

ፒያሳ ነው ያደግኩት። ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም መሰለኝ። ይህን ፊልም ሳየው ስለ ወንበዴ አላሰብኩም። ደረጃው ሥር ተቀምጠው የሚሠሩትን ሴቶች ነበር የማየው። አንድ ሰፈር ሲፈርስ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይጠፋል።

ደግሞ ማጆንግ (የቻይና የጠረጴዛ ጨዋታ) ሲጫወቱ! አራቱ ወጣቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሳሳቁ ካርታ የምንጫወትበት በረንዳ ትዝ አለኝ።


ሲላት_ፍቅሬ (ድሬዳዋ)

አሰልጣኝ የሚፈልጉት ሽቦ የሌለው ከሆነ መልሱ ሆንግ ኮንግ አይደለም፣ ኢንዶኔዥያ ነው። በ2011 «ዘ ሬይድ» ወጣ፣ ኢኮ ኡዋይስ በፔንቻክ ሲላት፣ በአገሩ የማርሻል አርት ስልት፣ ፎቁን ሙሉ ጠራረገ። ከዚያ በኋላ የዓለም ድብድብ ፊልም ሁሉ ተለወጠ ብል አላጋነንኩም። ጠባብ ኮሪደር፣ ቅርብ ለቅርብ፣ ክርንና ጉልበት።

የቅርቡ የ2024ቱ «ዘ ሻዶው ስትሬይስ» ነው። «13» ተብላ የምትጠራ የሠለጠነች ገዳይ ልጅ፣ እናቱን የገደሉበትን ትንሽ ልጅ ፍለጋ ከተማውን ታምሳለች። ኦሮራ ሪቤሮ ናት። ቀጫጫ ናት፤ መጀመሪያ «ይህቺ ልጅ ማንን ትመታለች?» አልኩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ዝም አልኩ።

ደሙ ግን ከመጠን ያልፋል። ከልጆች ጋር አይታይም። ከምሳ በፊትም አይታይም።


አሰልጣኝ_ከሐዋሳ

«ሬይድ»ን አውቀዋለሁ። ለትልልቆቹ ልጆች ኮሪደሩን ቆርጬ አሳይቻቸዋለሁ፤ እግር አቋቋም ለማስተማር። እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

የጅዳዋ፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይርዳችሁ።


ኮሪያ_ሰፈር

እኔ ድርሻዬን ላዋጣ። ዊንግ ቹን፣ ሲላት፣ ምናምን ሁሉ ይቅር። ጥፊስ?

ማ ዶንግ ሶክ የሚባለውን ኮሪያዊ የማታውቁት ካላችሁ ሕይወታችሁን አባክናችኋል። «ዘ ራውንድአፕ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም። መጀመሪያው በ2017 «ዘ አውትሎውስ» ተብሎ ወጣ፤ ከዚያ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 ቀጠሉ። ሦስቱም ኮሪያ ውስጥ ብቻ እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ገብቶ አይቷቸዋል። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። ክፉ ሰው ይመጣል፣ ቢላ ይዟል፣ ሰው ይገድላል። ማ ዶንግ ሶክ ጃኬቱን ያስተካክላል። ከዚያ ጧ! በጥፊ። ሰውየው ሁለት ሜትር ይወረወራል። አለቀ።

አንገቱ እኮ የለም! ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ በቀጥታ ነው የተቀመጠው። እውነተኛ የቦክስ ሥልጠና አለው፣ አሰልጣኝ እግሩን ቢያዩት ይወዱታል።

አራተኛው ግን ደከመኝ። ያው ጃኬት፣ ያው ጥፊ። እያወቅኩ እንደገና ማየቴ ምን እንደሆነ እናንተው ንገሩኝ።


ዶሮ_ማነቂያ

እንደ ሽሮ ነው ወንድሜ። በየቀኑ ትበላዋለህ፣ ነገም ትበላዋለህ።


ማዕዶት (ሜሪላንድ)

እኔ ድብድብ አልወድም፤ ክሩ ድራማም ስላለ ነው የገባሁት።

«ሃው ቱ ሜክ ሚሊየንስ ቢፎር ግራንድማ ዳይስ» የሚባለውን የ2024 የታይላንድ ፊልም ያየ አለ? ከታይላንድ ለኦስካር የመጨረሻ እጩዎች ማጣሪያ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ኤም የሚባል ጎረምሳ ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ቁጭ ብሎ ጌም ይጫወታል። የአክስቱ ልጅ አያቷን አስታምማ ቤት ወረሰች። ልጁ ይህን ያያል። የእሱ አያት ደግሞ ካንሰር ይዟታል። «እኔስ?» ይላል። ሻንጣውን ይዞ አያቱ ቤት ይገባል። አለቀ፤ ታሪኩ ይሄ ነው።

እኔ ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። ሰባት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ፊልሙን በክፉ ዓይን ነው ያየሁት፤ «የት ጋ ነው የሚዋሹት?» እያልኩ። አልዋሹም። አሮጊቷ በጨለማ ተነስታ የሩዝ ገንፎ ልትሸጥ ትወጣለች። ልጁ ከእንቅልፉ ተጎትቶ ይነሳል። መጀመሪያ ያጉረመርማል። በኋላ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ግን መቼ እንደተወ አታዪም። ሥራውም እንዲያ ነው። አንድ ቀን ሳታስቢው የሰውየውን ሻይ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ እጅሽ ያውቀዋል።

አያቷን የተጫወተችው ኡሻ ሲምኩም ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም፤ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት ነው የጀመረችው። ስትቆጣ የእኔን አያት ትመስላለች። ከንፈሯን እንዲህ አድርጋ።

እናትየዋ የምትናገረው አንድ ነገር አለ፤ ወንዶቹ ልጆች ንብረቱን ይወርሳሉ፣ ሴቷ ልጅ ካንሰሩን ትወርሳለች የሚል። ስቄ ስቄ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እኛ ቤት የማን እንደሆነ እናውቃለን።


ሰነድ_አገላባጭ

እኔ ግን ለልጁ ነው ያዘንኩት። አያትየው ቤቱን ለቁማርተኛው ልጇ መስጠቷ ፍትሕ ነው? ያስታመመ ሌላ፣ የወረሰ ሌላ። እኛም አገር በየፍርድ ቤቱ ያለው ይሄው ነው።


ማዕዶት (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ እናት ለጠንካራው ልጇ አትሰጥም፤ ለሚወድቀው ነው የምትሰጠው። ትክክል ነው አላልኩም። ደግሞ ፊልሙ እዚያ አያልቅም፤ በኋላ የባንክ ደብተሩ ሲወጣ [የፊልሙ መጨረሻ ስለሆነ አወያይ አንስቶታል]


ኮሪያ_ሰፈር

ሃሃ! እኔን ብቻ ነበር የምታስጠነቅቁት።


ድንኳን_ተካይ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። 11 ዓመት ሙሉ የማን አባት መቼ እንዳረፈ መዝገቤ ላይ አለ። ስለዚህ ጓደኞቼ «ላንተ የሚሆን ፊልም ተገኘ» ብለው የላኩልኝ «ዘ ላስት ዳንስ»ን ነው። ይሄም 2024፣ ይሄም ሆንግ ኮንግ። ድብድብ የለውም። ሰይፍና እሳት ግን አለው፤ ታገሡኝ።

ዶሚኒክ የሚባል ሠርግ አዘጋጅ በኮሮና ሥራው ይከስርበታል። ዕዳ አለበት። የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ይረከባል። «ሠርግም ቀብርም ድግስ ነው» ብሎ ነው የገባው። አንዱን ሟች ቤተሰብ ለማስደሰት ሲል ውድ መኪና በወረቀት አሠርቶ ያቀርባል። ሟቹ ለካ የሞተው እዚያው ዓይነት መኪና ውስጥ ተጋጭቶ ነው! እኔ ሶፋዬ ላይ ተሸማቀቅኩ። እንዲህ ያለ ስህተት በእኛም ሥራ ደርሷል፤ አንድ ጊዜ ድንኳኑን ጎረቤት በር ላይ ተከልን። ጎረቤትየው ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ የሚያለቅስ ሰው ሲያይ ምን እንደሆነ አስቡት።

አብሮት የሚሠራው የታኦ (የቻይና የጥንት ሃይማኖት) ካህን ነው፤ መምህር ማን። ማይክል ሁዪ ነው፣ በ1970ዎቹ ሆንግ ኮንግን በሳቅ የገደለ ኮሜዲያን። እዚህ አንዴ እንኳ አይስቅም። ሥርዓቱ «ሲኦልን መስበር» ይባላል። መሬት ላይ ዘጠኝ የጣሪያ ሸክላ ይደረደራል፤ ዘጠኙ የሲኦል ደጆች ናቸው። መሐል ላይ እሳት ይነዳል። ካህኑ በሰይፍ እየዞረ ሸክላዎቹን ይሰብራል፣ እሳቱን ይዘላል፣ ነፍስ ታልፋለች። ዝላዩ፣ አዟዟሩ፣ እጅጌው ሲገለባበጥ… አሰልጣኝ፣ ይሄ ልምምድ ነው ካላልክ እኔ ከእድሩ እወጣለሁ።

ሥርዓቱን ሴት አትሠራም። መምህሩ ሴት ልጅ አለችው፤ አምቡላንስ ላይ ነው የምትሠራው። ቀን ሰው ከሞት ትጎትታለች። ቤት ስትገባ አባቷ «ሴት ንጹሕ አይደለችም» ይላታል። ሚሼል ዋይ ናት፤ በ2025ቱ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ምርጥ ተዋናይት የተባለችው በዚህ ነው። ወንዱ ልጅ ደግሞ ካህንነቱን የሚሠራው በግድ ነው። ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት ካቶሊክ ይሆናል። አባቱ ይህን ሲሰማ ያለውን ፊት ልገልጸው አልችልም።

ከሁሉ ያልወጣልኝ አንዲት እናት ናት። የሞተ ልጇን አስከሬን እንዲያቆዩላት ትለምናለች። ሁሉም «አብዳለች» ብሎ ይመልሳታል። ዶሚኒክ ይቀበላታል፤ መጀመሪያ ለገንዘብ መስሎኝ ነበር። በኋላ አስከሬኑን ሲያዘጋጁ በዝግታ፣ ልክ እንደተኛ ሕፃን ነው የያዙት። እኔ በመዝገቤ ላይ «ሕፃን» ብዬ የጻፍኳቸው መስመሮች አሉ። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።


የጅዳዋ

ጋሼ፣ የጻፉትን አንብቤ ዛሬ ማታ ላየው ወሰንኩ። እዚህ ሰው ሲሞትብን ቀብር አንደርስም፤ በስልክ ነው የምናለቅሰው። ከሚያለቅሱት ጋር ላልቅስ።


ቁራጭ_ካሴት (አዲስ አበባ)

ይህን ክር የከፈትኩት ለካልቾና ለቴስታ ነበር፤ እናንተ ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት። አልተቀየምኩም።

ግን አንድ ነገር ልበል፤ እነዚህን ፊልሞች በአማርኛ ትርጉም ያየ ሰው አላየም። አንዱን በትርጉም ጀምሬ ነበር። ተዋናዩ ዝም ብሎ መስኮት ያያል። ተርጓሚው ዝምታውን አልቻለም። «አሁን ይሄ ሰው ምን እያሰበ ነው መሰላችሁ? ስለ ዕዳው ነው!» ይልልኛል። ኧረ ተወኝ፣ ላስብበት!


ሲላት_ፍቅሬ (ድሬዳዋ)

ተርጓሚዎቹን አትንካ! አባቴ ፊደል በፍጥነት አያነብም። ያለ እነሱ አንድም ፊልም አያይም ነበር። ደግሞ ቀልዳቸው አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣል። ለድብድብ ትርጉም፣ ለድራማ ሰብታይትል፤ እኔ ቤት ሕጉ ይሄ ነው።


ቁራጭ_ካሴት (አዲስ አበባ)

ለአባትህ ስል ቃሌን አንስቻለሁ።


ሰነድ_አገላባጭ

ስለ ጃኪ ቻን አሰልጣኝ ያነሱት ሳይመለስ ቀረ። ሰውየው በ1954 ነው የተወለደው፤ አሁን ምሰሶ ላይ ተንሸራተት አይባልም። በ2024 «ኤ ሌጀንድ» ላይ ፊቱን በኤአይ ወደ ወጣትነት መለሱት። ውጤቱ የሰም ምስል ነው። አትዩት።

ሁለቱን ግን እዩ። «ራይድ ኦን» (2023) ላይ ያረጀ ስታንትማን (ለፊልም የሚዘልና የሚወድቅ ሰው) ሆኖ ከፈረሱ ጋር ይኖራል። «ዘ ሻዶውስ ኤጅ» (2025) ደግሞ ማካዎ ውስጥ ነው። ፖሊስ በካሜራና በኤአይ ሌባ ሊይዝ ሲያቅተው ጡረታ የወጣውን የድሮ ክትትል አዋቂ ይጠራል። ባላንጣው ቶኒ ሊዩንግ ካ ፋይ ነው። በ1958 የተወለደ ሰው፣ በቢላ ብቻውን አንድ ክፍል ሙሉ ወጣት ሲያራግፍ ታያላችሁ። ፊልሙ ይረዝማል፣ መሐሉ ላይ ይዝላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ግን ማንም ሳይመታ ላብ ያልብሃል።


አሰልጣኝ_ከሐዋሳ

ለሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ ውድድር ነበረብን። አሁን መልስ አለኝ።

«ራይድ ኦን»ን አየሁት። ፈረሱ ጎበዝ ነው፣ ታሪኩ ትንሽ አልቃሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰውየው ከልጁ ጋር ተቀምጦ የድሮ ቪዲዮ ያያል። ቪዲዮው የራሱ የጃኪ ቻን እውነተኛ አወዳደቆች ናቸው። የሰዓት ማማው፣ ያ ያልኳችሁ ምሰሶ፣ ሁሉም። እኔ እነዚያን አወዳደቆች በልጅነቴ በጭብጨባ ነው ያየኋቸው። አሁን የራሱ ልጅ እያለቀሰች ስታያቸው አየሁ። ለካ ያኔ ሲወድቅ የሚጠብቀው ሰው ቤት ነበረው። ይህን ሃያ ዓመት ሳሠለጥን አላሰብኩትም። የእኔም ልጅ ጉልበቴን ስታሽ «አባዬ በቃህ» ትለኛለች።

የእድር ጸሐፊው፣ ላስት ዳንስንም አየሁ። ከእድሩ አትውጣ። የእሳቱ ዝላይ ልምምድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን አልናገርም፣ አወያዩ እያየኝ ነው። ሰይፉን የያዘው እጅ ግን አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ዎልድ ኢንን ለልጆቹ በላፕቶፕ ከፈትኩላቸው። 14 ልጆች በአንዲት ላፕቶፕ፤ ልክ እንደ ቪዲዮ ቤቱ። እስከ መጨረሻው አየሁት። ኪንግ አሁንም ተረት ነው፤ በዚህ ከአቋሜ አልወርድም። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ድብድብ ግን ጥሩ ነው። ጠባብ ቦታ፣ ወንበር፣ እጀታ፣ ሁሉንም ተጠቅመውበታል። ሩዙ ሲመጣ ጾም ላይ ነበርን፤ ልጆቹ ተንጫጩ።

ሲያልቅ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ስለ ምቱ፣ ስለ ዝላዩ እየጠበቅኩ ነው። ከሁሉ ትንሹ እጁን አወጣ። «አሰልጣኝ፣ ልጁ መታወቂያውን በኋላ አገኘ?» አለኝ።


የጅዳዋ

ምን አሉት?


አሰልጣኝ_ከሐዋሳ

መልስ አጣሁ። ተነስ ፑሽ አፕ ሥራ አልኩት።


ቁራጭ_ካሴት (አዲስ አበባ)

ስንት ሠራ?


አሰልጣኝ_ከሐዋሳ

30። ከዚያ ተነስቶ እንደገና ጠየቀኝ።